የወንድሜ ጤነኛ ጭንቅላት

ወንድሜን ሰፈሩ በሙሉ «ማስመሪያ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ፣ አባባ ለአፍታ ዞር ሲሉ ጠብቆ ትልቁን መቀስ አነሳና ያለ ጠመኔ፣ ያለ ሜትር፣ ከጥቅሉ ላይ ሁለት ሜትር ጨርቅ ሸረከተው። ጥፊ ላቀምሰው እጄን ካነሳሁ በኋላ ነው ቁርጡን ያየሁት። ማስመሪያ አስጠግቼ አየሁት፤ ዝንፍ አላለም። ጥፊውን ግን አልማርኩትም፤ የተነሳ እጅ ባዶውን አይመለስም ብዬ አቀመስኩት። ከዚያ «አንተ ማስመሪያ!» አልኩት። ሙገሳዬ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ በጥፊ ይጀምራል።

«እኔ ክፉ ሴት አይደለሁም» ብዬ ልቀጥል ነበር፤ ተውኩት። ያነበበ ይፍረድ። እናታችን ስትሞት እኔ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እሱ ደግሞ ገና በዳዴ የሚሄድ። ከትምህርት ቤት ወጥቼ ስፌት መኪና ላይ ተቀመጥኩ። እሱን ከመኪናው ሥር አስቀምጬ፣ በአንድ እግሬ መርገጫውን እየረገጥኩ፣ በሌላው እግሬ ከወደቀ መርፌ እየገፋሁ አሳደግኩት። ፍቅር ስጪ ብትሉኝ ከየት አባቴ አመጣለሁ? የነበረኝ ምላስ ብቻ ነው። «አንተ ደነዝ፣ ብላ!» «አንተ ዝተት፣ ተኛ!» «ና ወዲህ አንተ የማትረባ፣ ንፍጥህን ልጥረግልህ!» ሌላው ቤት «የኔ ማር፣ የኔ ቆንጆ» የሚባባልበትን እኛ በስድብ ተባባልነው። የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር። ልጅ ሆኖ አንድ ቀን ሳልሰድበው ከዋልኩ፣ ቀሚሴን ጎትቶ «እትዬ፣ አኮረፍሽኝ እንዴ?» ይለኝ ነበር።

ስፌት ቤታችን ከመኖሪያችን ሥር ነው። አራት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ካውያ፣ ከኋላ ደግሞ ጥቅል ጨርቅ የሚቀመጥባት መስኮት የሌላት ጓዳ። የምንሰፋው የተማሪ ዩኒፎርምና የሆስፒታል ጋውን ነው። መስኮቱ ሥር ቁልፍ የምትተክል አንዲት ሴትዮ አለች፤ ቁልፍ ተካይዋ እንላታለን። እሷ ለመሳቅ ምክንያት አትፈልግም፤ ሰው ሲወድቅም ትስቃለች፣ ሲነሳም ትስቃለች። አባባ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ መርፌ ትተው በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ትዕዛዝ ይቀበላሉ።

የአባባ ሕግ አንድ ናት። ደንበኛ ሲመጣ ልኩ ወረቀት ላይ ይጻፋል፤ ወረቀቱ ግድግዳው ላይ በስፒል ይሰካል። ልብሱ አልቆ ሰውዬው «ጠበበኝ፣ አነቀኝ» ካለ አባባ አይከራከሩም። ልብሱን አስወልቀው ጠረጴዛው ላይ ይዘረጉና በሜትር ይለኩታል፤ ከወረቀቱ ጋር ያስተያዩታል። ከገጠመ «ወረቀቱ ልክ ነው፤ ልብሱም ልክ ነው። ያልተስተካከለው የእርስዎ ሆድ ነው» ብለው ያሰናብታሉ። ሰውየው ፊታቸው ቆሞ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ እንኳ እሳቸው የሚያምኑት ወረቀቱን ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህ ሕግ ተከራክሮ ያሸነፋቸው ሰው የለም። እኛም እንደ እናት ጡት ጠብተነው አደግን።

ማስመሪያ ዐሥራ ስምንት ሲሞላው ዋናው ቆራጭ ሆነ። አርባ ድርብ ጨርቅ ደራርቦ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ትንፋሹን ይዞ አንድ ጊዜ ይነዳዋል፤ ከላይኛው እስከ ታችኛው አንድ ዓይነት ነው። ሲጨርስ ቀና ብሎ እኔን ያየኛል። «ምን ታፈጣለህ? ወርቅ ያገኘህ መሰለህ?» እለዋለሁ፤ እሱ ፈገግ ይላል። ምኞቱ አንድ ቀን ዩኒፎርም ትቶ ሙሉ ልብስ መቁረጥ ነበር። ለአባባ አንድ ኮት ሠርቶላቸዋል። አባባ ለብሰው መስታወት ፊት ዞር ዞር አሉና «አይከፋም» አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ሽልማት ነው፤ የልጁ እግር ሳምንት ሙሉ መሬት አልነካም።

ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ ተጀመረ። መጀመሪያ ገላውን መታጠብ ተወ፤ «ጉርምስናህ ዘግይቶ ደረሰ እንዴ?» ብዬ ሳቅኩበት። ቀጥሎ ራዲዮኑን ዘግቶ አጠገቡ እየተቀመጠ ማዳመጥ ጀመረ። ከጓደኞቹ ቀረ። መንገድ ላይ ሲሄድ ድንገት ይቆምና ወደ ኋላው ይዞራል፤ ማንም የለም። ከዚያ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መቀሱን አስቀምጦ ወደ እኔ ዞረና፣ «እትዬ፣ ምነው እንደዚያ አልሽኝ?» አለ።

የጋውን ኮሌታ እያያዝኩ ነበር። በከንፈሬ ስድስት ስፒል ነክሻለሁ። ስፒል የነከሰ ሰው እንኳን ሊናገር አያስነጥስም። አንድ በአንድ አወጣሁና «ምን አልኩህ?» አልኩት።

«እራፊ ነህ፣ ተጣል አልሽኝ።»

ቁልፍ ተካይዋ ሳቋን ለቀቀችው። እኔም ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ፊቱ አመድ መስሎ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ። ልብ በሉ፣ እኔ ይሄን ልጅ ብዙ ነገር ብዬዋለሁ፤ ደነዝ ብዬዋለሁ፣ ገልቱ ብዬዋለሁ፣ «እራፊ» ግን ብዬው አላውቅም። እራፊ ማለት እኛ ቤት ከቁርጥ ተርፎ ለመወልወያ እንኳ የማይሆን፣ ጠራርገን የምናወጣው ነው። ለሰው አይባልም።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። በካውያ ስተኩስ እየሰደብኩት ነው። ገበያ ሄጄ ሳልኖርም እየሰደብኩት ነው። አንድ ቀን ጠረጴዛው ሥር ገብቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ፣ «በቃሽ እትዬ፣ በቃሽ፣ እወጣለሁ አልኩሽ እኮ» እያለ ሲያለቅስ አገኘሁት። የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ፣ እኔ ጡጦ ያጠባሁት ቦታ ላይ! ያን ቀን ሳልሰድበው እጁን ይዤ ሆስፒታል ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ያለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አነጋገረችውና ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው አለችን፤ ገና ጅምር ላይ ስለሆነ በጊዜ አምጥታችሁታል፣ ኪኒኑን ሳያቋርጥ ይውሰድ አለች። ለብቻዬ አግኝቼ «በእኔ ምላስ ነው እንዴ የታመመው?» ብዬ ጠየቅኳት። «በስድብ ብቻ ማንም በዚህ አይታመምም። ግን ከአሁን በኋላ ቤቱ ጸጥ ያለ ቢሆን ይረዳዋል» አለችኝ። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አላመንኳትም፤ ሁለተኛውን አልፈጸምኩትም።

ኪኒኑ ሠራ። በሁለተኛው ወር «እትዬ፣ ድምፅሽ አሁን ከጎረቤት ቤት የሚመጣ መስሏል» አለኝ። በሦስተኛው ወር «የተናገርሽ ይመስለኛል፣ ምን እንዳልሽ ግን አይለይም» አለ። መብላት፣ መተኛት፣ መታጠብ ጀመረ። ኪኒኑ ግን በዚህኛው እጁ ሰጥቶ በዚያኛው ነሳው፤ ወፈረ፣ ፈዘዘ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ዝንፍ የማይል ቁርጥ እየተወላገደ መጣ። ሐኪሟ መጠኑን ትንሽ በትንሽ እናስተካክለዋለን፣ ታገሡ አለች። ዩኒፎርም አዝዞ የሚታገስ ትምህርት ቤት የት አለ? አባባ የተወላገደውን ጨርቅ በጣታቸው እየዳበሱ «ማስመሪያ ተሰበረ» ይላሉ፤ ቁልፍ ተካይዋ ትስቃለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። እሱ የራሱን እጅ ያያል።

በዚህ መሀል ነው ሐኪሟ አንድ ጥናት እንዳለ የነገረችን። ሕመሙ ከጀመራቸው ዓመት ያልሞላቸውን ሰዎች አንጎል በኤምአርአይ ያነሳሉ፤ ከጤነኛ እህትና ወንድሞቻቸው ጋር ያስተያያሉ። «ሁለታችሁም ብትገቡ ደስ ይለናል» አለች።

«የእኔ ጭንቅላት ጤነኛ መሆኑን ማን ነገረዎት?» አልኳት። ማስመሪያ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከት ብሎ ሳቀ። ለዚያ ሳቅ ስል ፈረምኩ።

ማሽኑ ሰው የሚያስገቡበት ቱቦ ነው። ሲጀምር መዶሻ ጭንቅላትህ ላይ የሚወርድ ነው የሚመስለው። እሱ ቀድሞኝ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ በርቶ ነበር። «እትዬ፣ እዚያ ውስጥ እንኳን ያንቺ ድምፅ የራሴም ሐሳብ አይሰማ! አንዱን ለምን ቤት አናስገባም?» አለ። ቀጥሎ እኔ ገባሁ። እንዳልንቀሳቀስ ታዝዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩ፦ እሱ ላይ የሆነ ነገር አግኙ። ቀዳዳም ከሆነ ቀዳዳ፣ እጢም ከሆነ እጢ፤ ጣት የሚጠቆምበት ነገር ይሁን። እኔ ላይ ግን ምንም እንዳታገኙ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውጤት ልንቀበል አባባም አብረውን መጡ። ሐኪሟ ሁለት ወረቀት ሰጠችን። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእኔ። ከስማችን በቀር ቃል በቃል አንድ ናቸው፦ «በዓይን የሚታይ ያልተለመደ ነገር የለም።»

አባባ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ይዘው ዓይናቸው ሥር አስጠጉ። ሐኪሟ አስተያየታቸው ሳያሰጋት አልቀረም፤ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ማስረዳት ጀመረች።

«ይሄ ማለት እጢ የለበትም፣ ደም አልፈሰሰበትም ማለት ነው። አልታመመም ማለት አይደለም። እኛ በጥናቱ የምንፈልገው ልዩነት በጣም ትንሽ ነው። የአንጎል የላይኛው ሽፋን ከግንባር ጀርባና በጆሮ ግንድ በኩል ትንሽ ይሳሳል፤ መሀል ያሉት ፈሳሽ የሚይዙ ክፍተቶች ትንሽ ይሰፋሉ። ይሄን የምናውቀው የመቶ ታማሚና የመቶ ጤነኛ ሰው ልኬት ደምረን አማካዩን ስናስተያይ ነው። የአንድ ሰው ምስል ብቻ ሰጥታችሁ የትኛው ታማሚ ነው ብትሉኝ፣ እኔም አልለየውም።»

ገባኝ። በደንብ አድርጎ ነው የገባኝ። የስድስተኛና የሰባተኛ ክፍል ሴት ልጆችን ቀሚስ መቶ መቶ ብትሰፋ፣ የሰባተኛዎቹ በአማካይ ሁለት ጣት ይረዝማል። አንዲት ቀሚስ ብቻ አንስተህ የስንተኛ ክፍል ናት ብትባል ግን አታውቅም፤ አጭር የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለች፣ ረጅም የስድስተኛ አለች። ይሄንኑ ለሐኪሟ ነገርኳት። «በትክክል! እኔም ከዚህ በኋላ እንደዚህ ነው የማስረዳው» አለችኝ። ስለዚህ «ባለማወቅ ነው» ብዬ የምሸሸግበት ጥግ የለኝም።

አባባ ወረቀቱን አጠፉ። «ልጄ፣ ነገር አታብዢ። ወረቀቱ ልክ ነው ወይስ አይደለም?»

«ወረቀቱ ልክ ነው አባቴ፣ ግን...»

«ልክ ነው» አሉና ከዘራቸውን አንስተው ወጡ። ሐኪሟ ከኋላችን «ኪኒኑን እንዳያቋርጥ!» አለች። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ።

ቤት እንደገባን አባባ ሁለቱን ወረቀት ከዩኒፎርሙ ልኮች መሀል ግድግዳው ላይ ሰኩ። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ፣ «የእሷና የእሱ አንድ ነው። እሷ ደህና ናት፤ እሱም ደህና ነው። የቀረው ስንፍና ነው» ብለው ፈረዱ። ተው የሚል አልነበረም። እኔ ልል እችል ነበር። ግን እውነቱን ልናገር? ወረቀቱ እኔንም ፈታኝ። ካልታመመ እኔ አላሳመምኩትም። ካልታመመ እጁን መልሰን እናገኛለን፣ ሰፈሩም «የእብዱ እህት» ማለቱን ይተዋል። ሰው የሚፈልገውን ወረቀት ሲያገኝ እንዴት ይጣፍጠዋል!

ኪኒኑን ሽንት ቤት የደፋሁት እኔ ነኝ። በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

«እትዬ፣ ደህና ነኝ ማለት ነው?»

«ወረቀቱን አላየኸውም? ካንተስ እኔ እብሳለሁ።»

 ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የጨርቅ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው፣ «ጭንቅላቴ ደህና ከሆነ፣ እሰማው የነበረው ከጭንቅላቴ አልነበረማ» አለ።

«ሂድና ሥራህን ሥራ» አልኩት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ሰምቻታለሁ። ምን እያለኝ እንደሆነም ገብቶኛል። ግን የሚያቃጥል ውሃ ከእጄ ላይ እንደማራግፍ አራገፍኳት።

በዐሥረኛው ቀን እጁ ረጋ። ቁርጡ እንደ ድሮው ቀጥ አለ። አባባ «አላልኳችሁም?» እያሉ ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያሉ። እኔ በደስታ አበድኩ፤ «አንተ ደነዝ፣ አንተ ገልቱ፣ እንኳን መጣህ!» እያልኩ ስሰድበው ዋልኩ። ሦስት ሳምንት ያህል ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ።

በአምስተኛው ሳምንት «እትዬ፣ እንደገና እየሰማሁ ነው» አለኝ።

«ሂድ ግድግዳውን አንብብ!» አልኩት።

ሄዶ ወረቀቱ ፊት ቆመና ጮክ ብሎ አነበበ፦ «በዓይን የሚታይ ያልተለመደ ነገር የለም።» ተመልሶ መቁረጥ ጀመረ። ከዚያ ልማድ ሆነ። ሰማሁ ባለ ቁጥር ወደ ግድግዳው እንልከዋለን። አባባ ከወንበራቸው ሆነው በከዘራቸው ይጠቁሙታል። ቁልፍ ተካይዋ ገና አፉን ሲከፍት «ግድግዳው! ግድግዳው!» ትላለች። እንደተቀጣ ተማሪ ሄዶ ይቆማል፣ ያነባል፣ ይመለሳል። አንድ ቀን ዘጠኝ ጊዜ አስነብበነዋል። ቆጥሬያለሁ፤ ለጨዋታ። እኛ ወረቀቱ ያረጋጋዋል ብለን ነበር። እሱ ግን በየቀኑ፣ በገዛ አፉ፣ የሚሰማው ስድብ የእውነት እንደሆነ ነበር የሚያነበው። ጭንቅላቱ ጤነኛ ነዋ! እንግዲህ የምትሰድበው እህቱ ናት።

ትምህርት ሊከፈት ዐሥር ቀን ሲቀረው፣ አንድ ሙሉ ጥቅል ለሸሚዝ እጅጌ ሰጠሁት። እጅጌ ሲቆረጥ ጨርቁ ፊት ከፊት፣ ጀርባ ከጀርባ ተገናኝቶ ይደረደራል፤ አንዱ የቀኝ፣ አንዱ የግራ ሆኖ እንዲወጣ። ይሄን ማስመሪያ በሕልሙም ያውቀዋል። ከሰዓት በፊት መጥቼ ሳነሳው፣ ሁሉም የግራ ነው። አንድም የቀኝ የለም። አገላብጬ አየሁ። የግራ፣ የግራ፣ የግራ። ቁርጡ ግን ቀጥ ያለ ነበር፤ ፀጉር ያህል አልተሳሳተም።

ደሜ ጭንቅላቴ ላይ ወጣ። የምለው ነገር ፈለግኩ። ደነዝ አነሰብኝ፤ ደነዝ ስንት ዓመት ስለው ኖሬ ደንዝዟል። የሚያቆስል ፈለግኩ። የት እንዳለም አውቃለሁ፤ ራሱ ነግሮኛል። ከሺ ስድብ መርጬ፣ እያወቅኩ፣ አፌን ሞልቼ፣ «እራፊ! እራፊ ነህ አንተ! ተጣል!» አልኩት።

መኪኖቹ ሁሉ ቆሙ። እሱ አፌን እያየ ነበር። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልተቆጣም። ፊቱ ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። እግዜር ያሳያችሁ፣ እፎይታ።

«አሁን አፍሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ» አለ። ወደ አባባ ዞረ። «አባባ፣ እርስዎም ሰሙ አይደል?»

«ሰምቻለሁ» አሉ አባባ። «እውነቷን ነው።»

«እሺ» አለ ማስመሪያ። እጅጌዎቹን ዐሥር ዐሥር አድርጎ አጠፈ፣ ጠረጴዛውን ወለወለ፣ ወደ ጓዳው ገባ። ምሳ ሰዓት ደረሰ፤ ዳቦና ሻይ ቀረበ። ቁልፍ ተካይዋ «እሱንስ አንጠራውም?» አለች። «ይራበው፣ ልብ ይገዛ ይሆናል» አልኩ። እኔ ዳቦዬን በልቼ ጨረስኩ። ሁለተኛ ብርጭቆም ሻይ ጠጣሁ።

ክር ልታመጣ ጓዳ የገባችው ቁልፍ ተካይዋ ናት። ያቺ ሴት ያን ቀን አልሳቀችም፤ ከዚያ ወዲህም ስትስቅ አልሰማሁም። ወፍራም ጨርቅ የምንበሳበትን ወስፌ ወስዶ ሁለቱን ጆሮውን ነው። ከዚህ በላይ አልናገርም። ስገባ አልጮኸም፣ አልወደቀም። ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ዝም እስክል እየጠበቀ ነበር።

የቀኙ ጆሮ ያኔውኑ ሄደ። የግራውን ለማትረፍ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ታገሉ፤ አመርቅዞ ያም ተከተለ። ሐኪሟ መጥታ «ኪኒኑን መቼ ነው ያቆመው?» አለችኝ። «ወረቀቱን የወሰድን ዕለት» አልኳት። ጻፈችው። አልተቆጣችኝም። ብትሰድበኝ፣ ብትተፋብኝ ምን ነበረበት! አባባ ኮሪደሩ ላይ ከወንበር ሳይነሱ «ወረቀቱ ልክ ነበር እኮ፣ ልጄ» አሏት። «አዎ፣ ልክ ነበር» አለችና አልፋቸው ወደ ክፍሉ ገባች።

ኪኒኑን እንደገና ጀመረ። አንዴ ተቋርጦ ሲጀመር እንደ በፊቱ ቶሎ ላይሠራ ይችላል ብላ ነበር፤ እንዳለችውም ሆነ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ መቀስ አይሰጠውም። ከቁልፍ ተካይዋ ጋር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ቁልፍ በየመጠኑ ይለያል። ቃላችን ስለማይሰማው የምንጽፍለት አንድ ደብተር አጠገቡ አለ። «ብላ»፣ «ኪኒንህን ውሰድ»፣ «አባባ ተኝተዋል»። ሞኝ አትበሉኝ፤ መጀመሪያ ላይ ቢያንስ ዝምታውን አገኘ ብዬ ተጽናንቼ ነበር። ጆሮ ሲዘጋ የሚዘጋው የውጪው ብቻ እንደሆነ ማን ነገረኝ? አንዳንዴ ቁልፍ እየለየ አንገቱን ይሰብራል፤ ትከሻው ይሰበሰባል። ያኔ እየሰደብኩት ነው ማለት ነው።

ከስድስት ወር በኋላ ከጥናቱ ደብዳቤ መጣልን። ስለተሳተፋችሁ እናመሰግናለን ይላል። የታማሚዎቹ የአንጎል ሽፋን በአማካይ ከጤነኞቹ ሳስቶ ተገኝቷል ይላል። አባባ «በምን ያህል?» አሉኝ። «ከክር ውፍረት ያነሰ ነው» አልኳቸው። ከጉልበታቸው ላይ አንድ ክር አንስተው በሁለት ጣታቸው መሀል ሲያሹት፣ ሲያሹት ቆዩ። ከዚያ ወዲህ የደንበኛ ልክ አይጽፉም፤ እኔ ነኝ የምጽፈው።

እኔ በሕይወቴ ይቅርታ ጠይቄ አላውቅም። እንዴት እንደሚጠየቅም አላውቅም፤ በቤታችን አልነበረም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን አባባ ተኝተው፣ ሠራተኛው በየመኪናው ላይ አቀርቅሮ ሳለ፣ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ደብተሩን ሳብኩ።  እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ወንድሜ፣ አንተ እራፊ አይደለህም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። እወድሃለሁ።» ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ለማንም ብያት አላውቅም፤ ስጽፋት ፊደሉ ጠፍቶኝ ነበር።

በእያንዳንዱ ቃል ሥር ጣቱን እያስኬደ አነበበው። ደግሞ ከመጀመሪያው ጀመረና አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አፌን አየ፤ ግጥም ብሎ የተዘጋውን አፌን። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። የራሱን ድምፅ ስለማይሰማ ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«እትዬ» አለኝ፣ «እጅሽ ይሄን ሲጽፍልኝ አፍሽ ምን እያለኝ እንደነበር እኮ ሰምቻለሁ።»